«ደርቋል» ያልኩበት ወለል

መስኮት መዝጋት የምትወዱ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ምናልባት አንዷን ከፈት ታደርጓት ይሆናል። ባታደርጉትም አልቀየምም። እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታክሲ ውስጥ «ዝጉት እንጂ፣ ብርድ አስመታችሁን!» ከሚሉት ወገን ነበርኩ።

ስሜ በላይነህ ነው። ሥራዬ ወለል ማልበስ ነው። ያ እንጨት መስሎ የሚታየውን ፕላስቲክ ምንጣፍ ሊሾ ላይ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተካ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን አብረን መሥራት ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። እሳቸው ሲበዛ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሲበዛ እጣደፋለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ «አንተ ስትወለድም አዋላጇን አልጠበቅካትም» ትለኛለች።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ አለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። ማስቲሽ ሊሾው ላይ እንደተቀባ ወዲያው ምንጣፍ አይለጠፍበትም። ውስጡ ያለው፣ ያ ራስ የሚያዞረው ነገር መጀመሪያ ተንኖ መውጣት አለበት። ጋሽ ተካ ለዚህ ሰዓት አያዩም፤ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። ጣታቸውን ያዝ አድርጎ፣ ሲያነሱት ምንም ሳይከተል ከለቀቃቸው ደርሷል። ጣታቸው ላይ ከቀረ አልደረሰም። በየካቲት ፀሐይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በታኅሣሥ ብርድ ግን ማስቲሹ ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ማር ይወፍራል፣ ሲቀባም ተኝቶ ይውላል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል ጣታቸውን እያሳረፉ።

«ጋሽ ተካ፣ እርስዎ እንቁላሉን ሲጠብቁ ዶሮዋ አረጀች» እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። እንደገና ጣታቸውን ያሳርፋሉ። እኔ እቃጠላለሁ። በዚያ ዓመት ልቤ ሸፍቶ ነበር፤ ብቻዬን ሥራ መያዝ፣ «ይሄ የበላይነህ እጅ ነው» መባል አምሮኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አስኮ ከሚኖሩ እማማ አስካለ ከሚባሉ እናት ሥራ አገኘን። ልጃቸው ሰላማዊት የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ተገላግላ ሆስፒታል ነበረች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያኔ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ የምትታረሰው እናቷ ቤት ሆነ። እማማ አስካለ «የክፍሉ ሊሾ እግር ይበላል፤ ለአራስ አይሆንም፤ ምንጣፍ አልብሱልኝ» አሉን። ሰላም ሐሙስ ትወጣለች ስለተባለ፣ ማክሰኞ ሠርተን ረቡዕን እንዲደርቅ ልንተወው ተስማማን።

ሰኞ ማታ ጋሽ ተካ ዘመድ ሞቶባቸው ለልቅሶ ወደ አዲስ ዓለም ሄዱ። «ነገ ብቻህን ጀምረው። ቆርቆሮውን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አቆየው፤ ከአራት ሰዓት በፊት እንዳትከፍተው» አሉኝ። ሰው በሞተበት ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስኮ ደረስኩ። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኗል። እማማ አስካለ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው በሩን ከፈቱልኝ። አጭር ናቸው፣ ዓይናቸው ግን አንድ ነገር አያመልጠውም። በረንዳው ላይ ገና እሳት ያላየ አዲስ የሸክላ የከሰል ማንደጃ፣ ከጎኑ አንድ ጆንያ ከሰል አየሁ።

«ለአራሷ ማሞቂያ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «የዘንድሮ ብርድ ለጠላትም አይስጥ።»

ክፍሉ በጓሮ በኩል ነው። አንዲት መስኮት ብቻ አለችው፤ ፀሐይ ግን አትጎበኘውም። ሊሾውን በመዳፌ ነካሁትና እጄን ቶሎ መለስኩ። ምንጣፉን ለክቼ ቆርጬ ሳልጨርስ የእማማ ስልክ ጮኸ። እያወሩ ፊታቸው በራ።

«በላይነህ! ዛሬ ልቀቁ ብለዋታል! አልጋ ተጣቧል አሉ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘዋት ይመጣሉ። ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል እማማ» አልኩ። አያችሁ፣ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

ወደ ጓሮ ወጥቼ ለጋሽ ተካ ደወልኩ። ምክር ፈልጌ አልነበረም፤ «አይዞህ፣ ትችላለህ» እንዲሉኝ ነው።

«ዛሬ አትንካው» አሉኝ። «በዚህ ብርድ፣ ያውም በዚያች ክፍል፣ ለዘጠኝ ሰዓት አይደርስም። አራሷን ሌላ ክፍል ያስተኟት፤ ሁለት ቀን ይታገሡ በላቸው። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ንገራቸው እሺ? የእኔን ስም ጥራ።»

«እሺ ጋሼ።»

ስልኩን ዘጋሁና ተመልሼ ገባሁ። ለእማማ ምንም አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ያኔውኑ አልጋውን ሳሎን ያነጥፉ ነበር። ምንም ችግር የለውም ነበር እኮ! ግን ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ «አልደረሰም» ተብሎ እንዲጀመር አልፈለግኩም።

ቆርቆሮውን ስከፍተው ማስቲሹ እንደ ረጋ ቅቤ ሆኗል። ፀሐይ እስኪያሞቀው ማን ይጠብቃል? የችኩል ሠራተኛ ዘዴ አለች፤ ቤንዚን ጨመርኩበት። ቀጠነና ደስ እያለው ተቀባልኝ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወለሉን በሙሉ ቀብቼ መስኮቷን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወጣሁ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል።

«እማማ፣ መስኮቱን እርስዎ ነዎት የዘጉት?»

«ታዲያ! ግድግዳው ብርድ ጠጥቶ ሊያድር ነው? ለአራስ ክፍል!»

እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይዘጋሉ። እንዲህ እየተባባልን ስድስት ሰዓት ሆነ። ጣቴን አሳረፍኩ፤ ማስቲሹ ተከተለኝ። ስድስት ተኩል ላይ አሳረፍኩ፤ ተከተለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ጣቴን ሳላሳርፍ ምንጣፉን ለጠፍኩት። ስጫነው ከሥሬ እንደ ሳሙና ሲንሸራተት ይሰማኝ ነበር። አሸዋ የሞላ ጆንያ እየጎተትኩ አስተኛሁት። ከላይ ሲታይ እንዴት አማረ መሰላችሁ! ስምንት ሰዓት ላይ አልጋውን አስገባን።

እማማ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ።

«ደርቋል?»

«ደርቋል እማማ።»

«ሽታውሳ?»

«የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው። መስኮቱን ከፈት ቢያደርጉለት ይጠፋል።»

«መስኮት? አራስ ላይ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሁለት እጄን ይዘው «እጅህ ይባረክ ልጄ። የነካኸው ሁሉ ይለምልም» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰላም መጣች። ሕፃኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ እንኳ አይታይም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያት ዕቃዋን አስገባሁላትና ተሰናብቼ ወጣሁ። ወደ 18 ማዞሪያ የሚሄድ ታክሲ አገኘሁ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ ወደ አየር ጤና ሌላ እይዛለሁ። ደክሞኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል። «ይቻላል ለካ» እያልኩ ነበር።

ታክሲው ገና ከመነሳቱ አንድ ሽማግሌ ከኋላ «መስኮቱን ዝጉት እንጂ! ብርዱ ሊገድለን ነው?» አሉ። ሁሉም ግራና ቀኝ መስኮቱን ዘጋ። እኔም የአጠገቤን ዘጋሁ። ሁለት ፌርማታ አልሄድንም፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኧረ ምንድነው የሚሸተው? ራሴን አዞረኝ።»

ረዳቱ ዞር ዞር አለ። «ማነው ማስቲሽ የያዘው? ቆርቆሮ የያዘ ሰው አለ?»

ቆርቆሮ የያዘ የለም። ቆርቆሮውን እዚያው ጓሮ ትቼዋለሁ። የሚሸተው ሱሪዬና ጫማዬ ነው። ጉልበቴ ላይ መዳፍ የምታክል ማስቲሽ ነክታኛለች፤ በቃ እሷ ናት። መዳፍ የምታክል ማስቲሽ መስኮቱ የተዘጋ ታክሲ ሙሉ ሰው ራስ አዞረች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። እኔ ሙሉ ወለል ነው የቀባሁት፣ ያውም ቤንዚን ጨምሬበት። ያ ሁሉ ምንጣፉ ሥር አለ፤ በየጠርዙ እየወጣ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። ከእማማ አስካለ ጋር እየሳቅኩ እኔው ነኝ ያስዘጋሁት። ቀጥሎ በረንዳው ላይ ያየሁት አዲሱ ማንደጃ ትዝ አለኝ።

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ።

«ፌርማታ አይደለም ወንድም» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ አልኩህ! ሰው ይሞታል!»

አቆመ። ወርጄ እየሮጥኩ ለእማማ ደወልኩ። ስልካቸው ተዘግቷል። በኋላ ሲነግሩኝ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ብለው ነው ያጠፉት። ባጃጅ አገኘሁ፤ ሹፌሩን «ንዳው በማርያም!» እያልኩ፣ እኔ ሃይማኖተኛ ያልሆንኩት ሰውዬ፣ መንገዱን ሁሉ ስለት ተሳልኩ። ምን እንደተሳልኩ እንኳ አላስታውስም። ብቻ የሚታየኝ ያ ፊቱ ያልታየ ጥቅል ነበር።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፍቼ ስገባ እማማ አስካለ በረንዳው ላይ ከማንደጃው ፊት ቁጭ ብለው ያራግባሉ። ከሰሉ ደም መስሎ ቀልቷል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ረሳህ?»

«እማማ፣ እሳቱን ወደ ውስጥ እንዳያስገቡ!»

«ምነው? ጭሱ ወጥቶለታል እኮ። አምስት ወልጄ ያሳደግኩ ሴትዮ፣ አንተ ከሰል ልታስተምረኝ?» አሉና ማንደጃውን በጨርቅ ይዘው ተነሱ።

በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«ዞር በል! በላብ ተነክረህ፣ ከደጅ እየሮጥክ መጥተህ አራስ ቤት ልትገባ ነው? አብደሃል እንዴ?»

እጄን ዘርግቼ ማንደጃውን ልቀበላቸው ስል ሸሹኝ፤ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተጠጉ። ከቧንቧው ሥር ባልዲ ውኃ አየሁ። አነሳሁና ከነእጃቸው ማንደጃው ላይ ደፋሁት። አመዱ ቡፍ ብሎ ፊታችንን አለበሰን። ማንደጃው ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ።

እማማ አስካለ የተሰበረውን ማንደጃ አዩ። ቀጥሎ «ልጄ ወልዳ በገባችበት ቀን በደጄ ላይ እሳት አጠፋህብኝ?» አሉኝ። አሟረትክብኝ ማለታቸው ነው።

መናገር ነበረብኝ። እመኑኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ ይልቅ ያችን አንዲት ቃል ማውጣት ከበደኝ።

«አልደረቀም እማማ። ዋሽቼዎታለሁ። ጋሽ ተካ ሁለት ቀን ይጠብቁ በላቸው ብለውኝ ነበር፤ ደበቅኩዎት። ከሥሩ ቤንዚን ያለበት ማስቲሽ አለ። እሳት ካገኘው ይነዳል። ሳይነድም ሽታው ይገድላል። ያውጧቸው!»

ዓይናቸውን ፊቴ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ዞረው «ሰላም!» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። «ሰላሜ!» ደገሙ። ዝም።

ተከታትለን ገባን። በሩ ሲከፈት ሽታው ፊቴን መታኝ። ሰላም ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ «እማዬ፣ ራሴን... ተዪኝ ልተኛ» አለች፤ ምላሷ ተሳስሯል። እማማ ሕፃኑን አነሱ። አልነቃም። እኔ መስኮቱን በክርኔ ገፍቼ ከፈትኩና ሰላምን ከነብርድ ልብሷ ተሸከምኳት። ባዳ ወንድ አራስ ተሸክሞ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ አይቶ ጮኸ።

እማማ አስካለ ግቢው መሐል፣ በዚያ በሚፈሩት ነፋስ ላይ ቆመው የሕፃኑን መሸፈኛ ገለጡ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን ያየሁት። የጡጫዬን ያህል ነው፤ ከንፈሩ ደብዝዟል። የውስጥ እግሩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ምንም። እንደገና ጫር አደረጉት። «ማርያም፣ ማርያም፣ አደራሽን» ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም።

በሦስተኛው ሕፃኑ አፍንጫውን ሸበሸበ። እንደ ድመት ግልገል አንዲት ቀጭን ድምፅ አወጣ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ሠፈሩን በሙሉ የሚያሰማ ለቅሶ ለቀቀው። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በጎረቤት መኪና ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ኦክስጅን ሰጧቸው፣ ለአንድ ቀን አቆዩአቸው። ነርሷ «እንኳን ቶሎ አወጣችኋቸው» አለችን፤ ሌላ አላብራራችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እማማ አስካለ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር በዚያኛው ጫፍ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ አመዱ እንዳለ ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«‹ደርቋል› ስትለኝ እጅህን ይዤ መርቄህ ነበር።»

«አዎ እማማ።»

«እሱን ምርቃት መልስልኝ።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢከሱኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እችለው ነበር። ይሄኛው ግን አጥንቴ ድረስ ገባ።

በማግሥቱ ጋሽ ተካ ከልቅሶ መጡ። አብረን ምንጣፉን ገፈፍነው። ከሥሩ ማስቲሹ እንደ ንፍጥ እርጥብ ነው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«ጣትህን አሳርፍበት» አሉኝ።

አሳረፍኩ።

«ምን አለህ?»

«አልደረቀም።»

«ትናንትም ይህንኑ ነው ያለህ። ይህችን ለእማማ መንገር ብቻ ነበር ሥራህ፤ ምንጣፉን ማንም ይለጥፈዋል።»

ሰላምና ሕፃኑ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ሳሎን ተኙ፤ መጠበቃቸው አንድም ነገር አላጎደለባቸውም። እኛም አሮጌውን ፍቀን፣ ፀሐይ ጠብቀን፣ መስኮቱን ነቅለን አውጥተን እንደገና ሠራነው። እማማ አስካለ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱኝም። ምሳ ግን ልከውልኛል። እሱ ባሰ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ሰውዬው ተመለሰ፣ ሰው አዳነ» እንዳትሉኝ። አንዳንድ ጎረቤት እንዲያ ሲል ሰምቻለሁ፤ ደረቴን አልነፋሁም። እሳቱን ያቀረብኩት እኔ፣ ውኃ ይዤ የሮጥኩትም እኔ ነኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ያፈሰስኩት ለመለቀም መትረፉ የእግዜር ቸርነት ነው።

ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ ከተማ ውስጥ እውነቱን መናገር የሚያስፈራን ትልቅ ነገር ላይ አይደለም፤ ትንንሹ ላይ ነው። «የት ደረስክ?» ስንባል ካልሲ እየፈለግን «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን። ልብስ ሰፊው «አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ቀረው» ይላል፤ ጨርቁን ገና አልቆረጠውም። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት። «ደርቋል» ማለት ውሸት ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩትም፤ ሰው ደስ ማሰኛ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አምልጦኛል። «ነገ ሠርግ አለን» ሲሉኝ «አይደርስም» እላለሁ፣ ሌላ ይጠራሉ። በታኅሣሥና በሐምሌ ከምይዘው ይልቅ የምመልሰው ይበዛል። ሚስቴ «አንተ ጋሽ ተካን ሆንክ» ትለኛለች። በፊት ስድብ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ስልኬ ጮኸ። ሦስት ዓመት አልፏል፤ ድምፃቸውን ግን ወዲያው ለየሁት። «ሳሎኑን ታለብስልኛለህ?» አሉ እማማ አስካለ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሄድኩ። ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ አቆየሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ቀባሁና ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የቤቱ መስኮት በሙሉ ተከፍቷል። እኔ አልከፈትኩትም።

እማማ በርጩማ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። የልጅ ልጃቸው ወደ ሳሎኑ ሊሮጥ ሲል እጁን ያዝ አደረጉት። ብዙ ቆየን። ገብቼ ጣቴን አሳርፌ ወጣሁ።

«ደርቋል?» አሉኝ።

ጣቴን አሳየኋቸው። «አልደረቀም እማማ።»

ጣቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ ማስቲሽ የነካውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ።